ሦስተኛው ጥያቄ

ዘመድ አዝማዱ «ሐኪሟ» ይላታል እንጂ ሐኪም አይደለችም፤ መድኃኒት ሻጭ ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከአንድ ባንኮኒ ኋላ ቆማለች። በሳል ሽሮፕ ማንንም አትጨቀጭቅም። የትውከት መድኃኒት የጠየቃትን ግን ፓኬቱን በመዳፏ ተጭና ታፋጥጠዋለች፦ «ለማን ነው? ዕድሜው ስንት ነው? ቤት ውስጥ ሌላ የሚያስመልሰው አለ?» ሦስተኛዋን ማንም አላስተማራትም። የተረፈ ኪኒን በየቤቱ ከእጅ ወደ እጅ እንደሚዞር ስለምታውቅ ራሷ የጨመረቻት ናት። አንድ ደንበኛ «እትዬ፣ መድኃኒት ልገዛ እንጂ ለምስክርነት አልመጣሁም» ብሏት ያውቃል።

ትዳር ከያዘች አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ልጅ የላትም። ታናሽ እህቷ ግን ባገባች በዓመቷ ወለደች፤ ልጁ ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላው ደግማ አረገዘች። ሐኪሟ ዜናውን ስትሰማ «እሰይ!» አለች፤ ቤቷ ገብታ ግን ትራስ ነከሰች። ቅናት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። እህቷን ትወዳታለች፤ ያባሰባትም እሱ ነው። ባዕድ ብትሆን ጠልታት ትገላገል ነበር።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ታናሽየዋ ከማዶው ሆስፒታል የተጻፈላትን ማዘዣ ይዛ መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«እትዬ፣ ውሃ እንኳ አልረጋልኝ አለ። አንቺስ ዕድለኛ ነሽ፣ ይሄን አታውቂው!»

ክፉ አስባ አይደለም፤ ለአፏ ለከት የላትም እንጂ። ሐኪሟ ወረቀቱን ከእጇ መንጨቅ አድርጋ ወሰደች። ማዘዣውን አነበበች። መድኃኒቱ ለነፍሰ ጡር የሚታዘዝ ነው፣ መጠኑም ልክ ነው። ለማን እንደሆነ ሆዷ ይናገራል፣ ዕድሜዋንም ታውቃለች። ሦስተኛዋ ጥያቄ ቀረች። ብትጠይቅ የልጁ ወሬ ሊከፈት ነው፦ ጥርሱ፣ እርምጃው፣ አዲስ ያወጣው ቃል። ያን ቀን ይህን የምትሰማበት ሆድ አልነበራትም። «ሐኪሙ እንዳዘዘው ውሰጂ» ብላ ሰጠቻትና ቀጣዩን ሰው ጠራች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ታናሽየዋ ልጇን ታቅፋ እየሮጠች ገባች። የሕፃኑ አንገት ወደ ጎን ተጣሟል፣ ዓይኑ ወደ ላይ ተሰቅሏል።

«ምን ሰጠሽው?»

«ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ሲያስመልሰው አደረ፤ ከኔው ኪኒን ግማሹን ሰጠሁት። በሆዴ ያለውን ካልጎዳ እሱን ምን ያደርገዋል ብዬ!»

እንዲህ የምታስብ እናት ብዙ ናት፤ ሞኝነትም አይደለም። ነገር ግን ለነፍሰ ጡር የተፈቀደ ሁሉ ለሕፃን አይፈቀድም፤ ያ መድኃኒት የትንሽ ልጅን ጡንቻ እንዲህ ሊጠመዝዝ ይችላል። «ለልጁ ኦ አር ኤስ በማንኪያ ትንሽ ትንሽ ስጪው፣ ካልቆመለት ሐኪም ይየው፣ ያንቺን ኪኒን ግን እንዳታስቀምሺው» ለማለት ግማሽ ደቂቃ ይበቃ ነበር።

ሐኪሟ ባንኮኒውን ጥላ፣ ልጁን ነጥቃ፣ መንገድ ተሻግራ ሆስፒታል ገባች። የኪኒኑን ስምና መጠን ነገረቻቸው፤ ማርከሻ መርፌ ወጉት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንገቱ ላላ። እስከ ማታ እዚሁ ይቆይ ተባለ።

ልጁ ሐኪሟ ጭን ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ታናሽየዋ አጠገቧ ተቀምጣ ታለቅሳለች።

«አንቺ ባትኖሪ ቀብሬው ነበር። ሁለተኛ እናቱ ነሽ እትዬ። እኔማ ምን ዓይነት እናት ነኝ!»

ሐኪሟ ይህን ቃል ለመስማት ስንት ዓመት ጠብቃለች። ሕፃኑ ጭኗ ላይ ከብዷል፣ ትንፋሹ ክንዷን ያሞቀዋል። ዝም ብትል የሚያውቅባት የለም፤ ሆድ ይፍጀው አለች። ደግሞም፣ ያሳፍራል እንጂ፣ እህቷ «ምን ዓይነት እናት ነኝ» ስትል ትንሽ ደስ ብሏት ነበር። የደነገጠችው በዚህ ደስታዋ ነው።

«ስሚኝ» አለች፤ «ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አይደለም። ቤት ውስጥ ሌላ የሚያስመልሰው አለ ወይ ብዬ መንገደኛውን ሁሉ እጠይቃለሁ። አንቺን አልጠየቅኩሽም።»

«ረስተሽ ነዋ።»

«አልረሳሁም። ስለ ልጅሽ መስማት አልፈለግኩም። ቀንቼብሽ ነው።»

ታናሽየዋ እንባዋን መጥረግ ተወች። እህቷን ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ሁለት እጇን ዘረጋች።

«ልጄን ስጪኝ» አለቻት።

ሐኪሟ እንዳይነቃ አንገቱን በመዳፏ ደግፋ ሰጠቻት።