የሰርካለም ጥለቶች

በሽሮ ሜዳ የሸማኔው የሾዴ ስም ሲነሳ የሚስቱ የሰርካለም ስም አብሮ ይነሳ ነበር። እሱ ይሸምናል፤ እሷ ጥለቱን በኮምፒውተር ትነድፋለች። ኤክሴል ከፍታ ትንንሾቹን ሳጥኖች አንድ በአንድ ቀለም ትቀባቸዋለች፤ ሾዴ ከስክሪኑ እያየ ክሩን ይመርጣል።

ይህን ያስተማራት ሀምዳን ነው፤ ከቤታቸው ፊት ለፊት ኢንተርኔት ካፌ ነበረው። ያኔ በካፌው ወንበር አይገኝም። ኢሜይል ሊከፍት የመጣ ተማሪ፣ ዐረብ አገር ካለች እህቱ ጋር በካሜራ ሊተያይ የመጣ ወንድም፣ ሁሉም ግድግዳውን ተደግፎ ተራ ይጠብቃል። ሰርካለም ጥግ ያለችውን ማሽን ይዛ ሳጥኖቿን ትቀባለች። ኢንተርኔት በየሰዉ ኪስ ሲገባ ሀምዳን ካፌውን ዘጋ፤ ያቺን ማሽን ግን ለሰርካለም ሰጣት። አሁን በዚያው ቤት የስልክ ቻርጀር ይሸጣል።

ሰርካለም ካረፈች ወዲህ ማሽኗን የከፈተ የለም። ሾዴ በቃሉ የሚያውቃቸውን ቀላል ጥለቶች እየሠራ ቆየ። ባለፈው ጥቅምት የቀጨኔዋ ወይዘሮ አዲሳለም መጡ።

«የታላቋን ልጄን የሰርግ ቀሚስ አትረሳውም መቼም። ለታናሿም ያንኑ ጥለት ነው የምፈልገው» አሉት።

እሺ አለ። ማሽኑን ቢያበራው ዊንዶውሱ አልነሳ አለ።

ሀምዳን ሊኑክስ ያለበት ፍላሽ ይዞ መጣ።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ ሾዴ።

«ሌላ ሲስተም ነው። አዲሱ ዊንዶውስ ለዚህ ማሽን ይከብደዋል፤ ይኼ ለአሮጌ ይስማማል።»

«ለአሮጌ ሰውስ?»

«ላንተ የሚሆን ገና አልወጣም።»

ማሽኑ ከፍላሹ ተነሳ። ሳይጫን መሞከር ይቻላል የሚል ምርጫ ነበረው፤ ሀምዳን እሱን ነካ። በአዲሱ ገጽ ላይ የድሮው ዲስክ ታየ፤ በዲስኩ ውስጥ «ጥለት» የሚል ፎልደር ነበር። ሰርካለም ጥለቶቿን በለበሷቸው ሰዎች ስም ነበር የምታስቀምጣቸው። የቤዛዊት ክርስትና። የኤርሚያስ እናት። የአዲሳለም ልጅ። ሾዴ ስሞቹን ቀስ ብሎ አነበበ። ክፈትልኝ ግን አላለም።

«ተጭኖ ሲያልቅ፣ ረጋ ብለን እናያቸዋለን» አለ።

ሀምዳን ፎልደሩን ጎትቶ ዴስክቶፑ ላይ አስቀመጠ። «በቃ፣ ተርፏል» አለ። ከዚያ «ጫን» የሚለውን ነካ፤ ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጥፋ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ አዎ አለ። ሻይ ጠጥተው ሲመለሱ ማሽኑ ፍላሹን አውጥተው እንደገና እንዲያስነሱት እየጠበቀ ነበር። አስነሱት። ፈጠነ። ዴስክቶፑ ላይ ግን ምንም አልነበረም።

ሀምዳን መጀመሪያ አላመነም፤ ቀጥሎ ገባው። ሲስተሙ ሳይጫን ሲሞከር ዴስክቶፑ ላይ የተቀመጠ ነገር ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። በካፌው ዘመን ማሽኖቹ በተዘጉ ቁጥር ሁሉን እንዲረሱ ያደረጋቸው ራሱ ነበር፤ «ዴስክቶፕ ላይ አታስቀምጡ፣ በፍላሻችሁ ያዙ» እያለ ስንቱን ተማሪ ተቆጥቷል።

«አንተ ሰውዬ፣ ግደለኝ» አለ ራሱን ይዞ።

«ብገድልህ ማን ይጠግንልኛል» አለ ሾዴ። ፊቱ ላይ ግን ቀልድ አልነበረም።

በማግስቱ ቀጨኔ ሄዶ የታላቋን ልጅ ቀሚስ ተውሶ መጣ። ጥለቱን በጀርባው ገልብጦ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። ክሩን በመርፌ ጫፍ እየለየ ቀለሙን ይጠራል፤ ሀምዳን ሳጥኑን ይቀባል።

«ቀይ። ቀይ። ወርቃማ። ፈጠን በል እንጂ፤ ሰርካለም እንዳንተ አትንቀረፈፍም ነበር።»

«ያስተማርኳት እኔ ነኝ።»

«በልጣህ ነው የሄደችው።»

መሐሉ ላይ ሲደርሱ የሾዴ መርፌ ቆመ። አንድ መስመር አረንጓዴ ነበር። ያን ቀሚስ ሲሸምን ሰርካለም የነደፈችው ቀለም ክር አልቆበት፣ ሰርጉም ደርሶበት፣ በእጁ የነበረውን አረንጓዴ አስገብቶ ነበር። እሷ ስክሪኑንም ቀሚሱንም አየችና ሳቀች። የነደፈችው ምን ቀለም ነበር? ዐይኑን ጨፈነ። ሰማያዊ? ሐምራዊ? አልመጣለትም።

«አረንጓዴ ልቀባው?» አለ ሀምዳን።

«ለልጅቷ በአረንጓዴ እሸምንላታለሁ፤ እናቷ የፈለጉት ያንን ነው።» መርፌውን ከጨርቁ ላይ አነሳ። «ስክሪኑ ላይ ግን አትቀባው። አረንጓዴው የኔ ነው፣ የሷ አይደለም።»

ሀምዳን ያቺን መስመር ነጭ ተዋትና ወደ ቀጣዩ ወረደ።