የሄለን ሳህን

ባለፈው እሑድ የወንድሜ ልጅ ሄለን እኔንና እናቷን ምሳ ልትጋብዘን ሳን ሆዜ ወሰደችን። ፍልሰታ ስለሆነ ምን እንበላለን ብዬ ነበር። «አንቲ፣ ዶንት ወሪ፣ የጾም አላቸው» አለችኝ። ምን ዓይነት ቤት እንደሆነ ግን አልነገረችኝም። ነግራኝ ቢሆን ኖሮ አልሄድም ነበር።

ሙቀቱ አስፋልቱን ያቀልጣል። በሩ ላይ ሰው ተሰልፏል። ውስጡ ጠባብ ነው፤ የጎረቤት ክርን እየነካህ ነው የምትበላው። ከመስታወቱ ጀርባ አንዲት ሴት ድስት አፍ ላይ በተወጠረ ጨርቅ ላይ ቀጭን የሩዝ ሊጥ በጭልፋ ታፈሳለች፣ ትከድናለች፣ ወዲያው ከፍታ በቀርከሃ ዘንግ ታነሳዋለች፤ ጠቅልላ በመቀስ ትቆርጠዋለች። ቬትናሞች ባን ኩን ይሉታል። ስሙን ለማስታወስ አልተቸገርኩም። የትኩስ ሩዝና የተጠበሰ ሽንኩርት ሽታ ገና በሩ ላይ ተቀበለኝ።

ስለዚያ ሽታ እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አሁን የምጽፈው ወንድሜ ስለሞተ ነው። በሕይወት እያለ ዝም ያልኩት አዝኜለት አይደለም፤ ያስተባብላል ብዬ ነው።

ወጣት ሆኜ ኦክላንድ ከወንድሜ ከታደሰና ከሚስቱ ከእትዬ ንግሥት ጋር እኖር ነበር። «ትማሪያለሽ» ተብዬ ነበር የመጣሁት። ትምህርቱ ከዛሬ ነገ ሲባል እኔ ሄለንን ጠባቂ ሆኜ ቀረሁ። አጥባታለሁ፣ አበላታለሁ፣ አንድ አልጋ ላይ አብሬያት እተኛለሁ። እትዬ ንግሥት ለሰው «ውባለም እኮ እህቴ ናት» ትላለች። እኔም «አዎ እትዬ» እላለሁ። ሌላ የምለው አልነበረኝም።

ከዚያ ቤት የምወጣበት አንድ በር ተከፈተ። ግርማ የሚባል፣ ዳውንታውን የመኪና ማቆሚያ የሚሠራ ልጅ ቤተ ክርስቲያን ተዋወቅሁ። ረጋ ያለ፣ ቁም ነገረኛ ልጅ ነበር። እናቱ ወይዘሮ አስካለ ከአገር ቤት ሊጠይቁት መጥተው ነበር። እሳቸው አይተው ከወደዱኝ ወደ ወንድሜ ሽማግሌ ሊልክ ተስማማን። እትዬ ንግሥት ስትሰማ «እሰይ» አለች። ያን ዕለት ሳህን ሳጥብ ግን ከሳሎን ድምጿን ሰማሁ። «እሷ ከሄደች ሄለንን ማን ሊይዛት ነው? ሥራዬን ልተው?» ወንድሜ የመለሰውን አልሰማሁም። የመለሰም አይመስለኝም።

መተያየቱ ቤቷ እንዲሆን አልፈለገችም። ሐበሻ ቤት ከሄድን ደግሞ በማግሥቱ የሚያውቀንም የማያውቀንም ያወራናል። ስለዚህ ግርማ ሥራው አጠገብ ያለችውን የቬትናሞች ምግብ ቤት መረጠ። በጾም ምሳውን የሚበላው እዚያ ነበር፤ ምንም ሳይገባበት ሩዙ ብቻ ተጠቅልሎ ይመጣለታል።

ያም እሑድ ፍልሰታ ነበር። ኦክላንድ በነሐሴ ጭጋጓን ተከናንባ ትበርዳለች። ከቅዳሴ በኋላ ነጠላችንን እንዳጣፋን ገባን። ለስድስት ሰው የምትበቃ ጠረጴዛ ስላልነበረ ሁለት አገጣጠሙልን። ወይዘሮ አስካለ ከመስታወት ጀርባ ሊጥ የምታፈሰውን ሴትዮ አተኩረው ያዩ ነበር።

«እንዲያው ሊጡን ጨርቅ ላይ ነው እንዴ የምታፈሰው?»

«እማዬ፣ ጨርቁ ንጹሕ ነው» አለ ግርማ።

«ቆሻሻ ነው መች አልኩ? ጉድ ነው አልኩ እንጂ።»

ሁላችንም ሳቅን። የዓሣውን መረቅ አስመልሰው ሎሚ አስመጡ። ለእኛ ባዶው ሩዝ በሦስት ሳህን መጣ፤ ለሄለን ለብቻዋ የአሳማ ሥጋና እንጉዳይ የገባበት። በሁሉም ላይ ሽንኩርት ስለተነሰነሰበት ላላወቀ አይለይም። እትዬ ንግሥት ሳህኑን ወደ ልጇ ገፋ አድርጋ፣ «ይሄ ያንቺ ነው። አሳማ አለበት፤ ለአንቲ እንዳትሰጫት፣ እሺ?» አለቻት። አጠገባቸው ስለተቀመጥኩ በደንብ ሰምቻለሁ። አንባቢም ይህን እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ።

ወይዘሮ አስካለ ይጠይቁኛል፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ እመልሳለሁ።

«ልጄ፣ ወላጆችሽ የት ናቸው?»

«ቤታችን ደብረ ብርሃን ነው፣ እማማ። እናቴ ብቻ ናት ያለችው።»

«ትጠይቂያታለሽ?»

«በየሳምንቱ እደውላለሁ።»

እየታየሁ መሆኔን ስለማውቅ ከአንዲት ቁራጭ በላይ አላነሳሁም። ርቦኝ ነበር። እሳቸው ግን ይህንንም ወደዱልኝ መሰለኝ ወደ ግርማ ዞረው፣ «ጨዋ ልጅ ናት። እኔ ሳልሄድ ሽማግሌዎቹን ብናናግር ምን ይመስልሃል?» አሉት።

እሱ ፈገግ አለ። እኔ ሳህኔን አየሁ።

«ኧረ ይቺ ልጅ ምንም አልበላችም» አለች እትዬ ንግሥት። «ነይ ላጉርስሽ። በሞቴ።»

ታላቅ ሲያጎርስ እንቢ አይባልም፤ ያውም አማት ልትሆን የምትችል ሴት እያየች። ቀና ስል እጇ መሐል ካሉት ሳህኖች አልፎ ሄለን ጋ ሄደ።

«ማሚ፣ ዛትስ ማይን» አለች ሄለን፣ የእኔ ነው ማለቷ ነው።

ሰዎቹ የልጅ ስስት መስሏቸው ሳቁ። እጇ ከንፈሬ ጋ ደርሷል። «እትዬ፣ ይሄ እኮ…» ልል አፌን ስከፍት አጎረሰችኝ።

መጀመሪያ ሩዙ ነው የሚሰማው፤ ለስላሳ፣ ትኩስ። ቀጥሎ ቁንዶ በርበሬው፣ እንጉዳዩ፣ ከዚያ ሥጋው። በሰው ፊት፣ በነጠላ፣ በፍልሰታ የጎረስኩትን እንዴት ልትፋው? ዓይኔ እንባ አቀረረ። ዋጥኩት።

«ውይ» አለች ጣቶቿን እያየች። «የሄለን ነበር እንዴ?»

«ምን አለበት እሱ?» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

«የአሳማ ሥጋ። ይቅር ይበሉኝ እማማ፣ ሳህኑ ተቀላቀለብኝ።»

አሮጊቷ አማተቡ። ከዚያ፣ ይህንን መመስከር አለብኝ፣ በርኅራኄ አዩኝ። «ባለማወቅ ነው። እሷ ምን ታድርግ? ለንስሐ አባትሽ ትነግሪያለሽ፣ በቃ» አሉ።

ነገሩ እዚያ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። እትዬ ንግሥት እጇን በናፕኪን እየጠረገች ቀጠለች።

«እሷስ ያን ያህል አዲስ አይሆንባትም። ቤትም ከሄለን ሳህን ትቀማምሳለች። እዚህ አገር ጾም የት አለ ብለው ነው?»

«ቀምሼ አላውቅም» አልኩ። «እትዬ፣ መቼ ነው ያየሽኝ?»

«አሁን ምን ያስቆጣል? የቤት ሰው እኮ ነን።»

ወደ ወንድሜ ዞርኩ። «ጋሼ፣ አንተ ንገርልኝ።»

ታደሰ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ ያሽከረክር ነበር። አላየኝም። «ይሄ አሁን የምግብ ቤት ወሬ አይደለም» አለ። እትዬ ንግሥት ያለችውን ሁሉ ይህች ቃል እውነት አደረገችው። ወንድሜ ምንም ክፉ ነገር ሳይናገር አሳልፎ ሰጠኝ።

አስተናጋጇ ሳህኖቹን ማንሳት ጀመረች፤ ወረፋ የሚጠብቁት ከራሳችን በላይ ቆመዋል። ወይዘሮ አስካለ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «እግዜር ይወቀው፣ ልጄ» አሉኝ። ሽማግሌ አልመጣም። ግርማ አንድ ጊዜ ደወለ። «እማዬን ታውቂያታለሽ» አለኝ። «አላውቃትም። የማውቀው አንተን ነበር» አልኩትና ዘጋሁ። ሪችመንድ ነው አሉ ያለው፣ ልጆች አሉት።

ሄለን ትምህርት ቤት እስክትገባ እዚያው ቆየሁ፤ ከዚያ የአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ አግኝቼ ወጣሁ። ስለ ትዳሬ እዚህ አልጽፍም። እትዬ ንግሥት ያን ቀን ዳግመኛ አላነሳችውም፤ በየበዓሉ ግን ትስመኛለች።

አሁን ሳን ሆዜ ከፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። ስትሮክ ከመታት ወዲህ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኗም ደክሟል። ሄለን ሁለት ሳህን አዘዘች፤ ለእኛ ባዶውን፣ ለራሷ ሥጋ ያለበትን። ወዲያው ስልኳ ጮኸ።

«አንቲ፣ የሥራ ኮል ነው። ማሚን አብያት፣ ፕሊስ» ብላ ወጣች።

ሁለቱ ሳህኖች ጎን ለጎን ናቸው። ሁለቱም ላይ ሽንኩርት ተነስንሷል።

«ውቤ» አለች እትዬ ንግሥት፣ «የትኛው ነው የጾሙ?»

የሚያየን ሰው አልነበረም።

«ይሄን ምግብ ታስታውሽዋለሽ?» አልኳት።

«ሄለን ትወደዋለች» አለች። ረስታው ይሁን አይሁን ከፊቷ ማንበብ አልቻልኩም። ከዚያ አፏን ከፈተች፣ እንዳጎርሳት።

ከባዶው ቆርጬ ሳህኗ ላይ አኖርኩ። ሹካውን እጇ ላይ አስያዝኳት። «ይሄ ነው የጾሙ» አልኩ። ደጋግሞ ከሹካው ወደቀባት። እኔ ሻዬን ጠጣሁ።

ሄለን ስትመለስ፣ «አንቲ፣ አጉርሻት እንጂ!» አለች።

«እጅ አላት» አልኩ።

ከፋት፤ ተቀምጣ ራሷ አጎረሰቻት። ስንመለስ መኪናውን የምትነዳው ሄለን ነበረች። ፍሪዌዩ ላይ ከወጣን በኋላ ነው ድንገት የተናገረችው።

«አንቲ፣ ልጅ ሆኜ እንደዚህ ያለ ቤት ሄደን ነበር? ሰው ሳህኔን ሲነካብኝ ትዝ ይለኛል። ዛትስ ማይን ስል ሁሉም ሳቁ።»

እናቷ ከኋላ ተቀምጣለች። በመስታወቱ አየኋት፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ያኔ አለመርሳቷን አወቅኩ።

«ሄደን ነበር» አልኳት ለሄለን። «ያንቺም ነበር።»

ይቅር በይ የሚሉኝ ሰዎች አሉ፤ ቤተ ክርስቲያንም ይሰበካል። እኔ ንጹሑን ሳህን ሰጥቻታለሁ፤ ከዚያ በላይ ከእጄ አትጠብቅ። ያን ቀን ከዚያ ጠረጴዛ ያተረፍኩት ነገር ካለ አንድ ነው፤ ያቺ ሕፃን እውነቱን ተናግራ ነበር፤ እኔ ስሰማት ሌሎቹ ሁሉ ሳቁ።