ፕሮግራሜ ፻፲ን ያነበበ ቀን

ዛሬ መሪጌታ መነጽራቸውን አወለቁና «አነበበው» አሉ። ይህቺን ቃል ስጠብቅ ሦስት ሳምንቴ ነው።

መሪጌታ እዚህ ጉለሌ የደብራችንን የክርስትና መዝገብ የሚይዙ አባት ናቸው። ተራ ቁጥሩ በሙሉ በግዕዝ ነው። እኔ ደግሞ መዝገቡን ኮምፒውተር ላይ የሚያስገባ ፕሮግራም ሲ በሚባለው ቋንቋ እየጻፍኩላቸው ነው።

ሲ ላይ «ይህ ምልክት ቁጥር ነው?» ብለው የሚጠይቁት ዝግጁ ትእዛዝ አለ። ፳ን ብሰጠው አይደለም አለኝ። ድፍረቱ እኮ።

ስለዚህ የራሴን ጻፍኩ። ፻ ሲመጣ ከእሱ በፊት ያለውን ቁጥር በመቶ ያባዛል። ባለፈው ሳምንት ፻፲ ላይ ሲደርስ ግን ከ፻ በፊት ምንም የለም። ዜሮን በመቶ አባዝቶ መቶ አሥረኛውን ሕፃን አሥረኛ አደረገው።

መሪጌታም «ልጄ፣ እንዲህ ከሆነስ መዝገቡ ካቢኔው ውስጥ ይቆይ» አሉኝ።

አስተካክዬ ዛሬ ተመለስኩ። ፻፲ መቶ አሥር ሆነ። የራሳቸውን ስም ፈልጊ ቢሉኝ 253ኛ ላይ ቁጭ ብለው ተገኙ።

ተነሡ፣ ካቢኔውን ከፈቱ፣ ሌላ አምስት መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። «በይ እንግዲህ፣ ቀጥዪ።»

እናንተስ፣ ሥራ ተሳክቶላችሁ ሽልማቱ ሌላ ሥራ የሆነባችሁ አላችሁ? ጻፉልኝ። ዛሬ እኔን የሚያክል ደስተኛ ግን የምታገኙ አይመስለኝም።