ያኮረፍሁበት መስከረም

ሰሞኑን እዚህ ወገዳ፣ ልጄ ቤት ተቀምጬ ሳለ በረዶ ወረደ። ቆርቆሮው ሲንኳኳ የልጅ ልጆቼ በሳህን ሊለቅሙ እየሳቁ ወጡ። እኔ ከተቀመጥሁበት አልተነሣሁም። በረዶ ሽታ እንዳለው ታውቃለህ? ለኔ የተቀጠቀጠ የገብስ ቅጠል ይሸተኛል፤ እርጥብ፣ ጣፋጭ፣ የሚያናድድ ሽታ ነው።

ትምህርቴ ፊደል ከመቁጠር አላለፈምና እንደ ሊቃውንቱ አልተረጉምልህም። እንደሆነው ልንገርህ።

ጎልማሳ ነበርሁ፤ አዲስ ጎጆ ወጪ። ሰኔ እየተጋመሰ ዝናብ እምቢ ስላለ አገሩ ሰባት ቀን ምህላ ያዘ። በየዕለቱ አርባ አንድ ጊዜ እግዚኦ አልን፤ እኔ ድምፄ እስኪዘጋ ጮህሁ። ዝናቡ መጣ። በመጣ በሳምንቱ ሚስቴ ሴት ልጅ ወለደችልኝ። ገብሱም ያዘ፤ ነሐሴ ሲወጣ ዘለላ አውጥቶ ነፋስ ሲነካው ውኃ ይመስል ነበር። መስከረም በጠባ በአምስተኛው ቀን ግን ፀሐይ እያየን በረዶ ወረደ። ሲያባራ ማሳው መሀል ገብቼ ቀጥ ብሎ የቆመ አንድ ዘለላ አጣሁ። እግሬ ሥር በረዶው እየቀለጠ ይንሿሿል።

እኔማ ባይሰጠኝ ይሻለኝ ነበር። ለምኜ ሰጠኝ፤ የሰጠኝ ግን እንድበላው ሳይሆን እንዳየው ነው።

ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ቅጽሩን ሳልረግጥ፣ በሩ ላይ ካለው ወይራ ሥር ቆሜ እመለስ ጀመር። ውጭ መቆም በኛ አገር ነውር የለውም፤ ንጹሕ አይደለሁም ያለ ሁሉ ውጭ ይቆማል። እኔ ግን ተቀይሜ ነው የቆምሁት። ያን ያህል መንገድ የምሄደውም እግዜር ማኩረፌን እንዲያይልኝ ነበር መሰለኝ።

አንድ ቀልደኛ ጎረቤት ነበረን። ሰንበቴ ላይ፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ “ከእግዜር ጋር ተጣልቷል አሉ፤ ሽማግሌ እንላክ ይሆን?” አለ። ጠላውን ጎንጨት አደረገና፣ “ችግሩ፣ በዳዩ ማን እንደሆነ ሳይለይ ሽምግልና አይቀመጡም” ብሎ ጨመረ። ሳቁብኝ። እኔ ጥርሴን ነክሼ ወጣሁ።

የልጅቱ ሰማንያ ቀን ደረሰ። የእናቷ ጡት ደርቆ ስለነበር ልጅቱ ከስታ፣ ልቅሶዋ እንኳ ቀጥኖ ነበር። ክርስትና እናቷ ትያዛት፣ አንቺም ግቢ፣ እኔ ውጭ እጠብቃለሁ አልኋት ሚስቴን። ሚስቴ ተቆጥታም ድምፅ አታወጣም።

“አንተ ካልገባህ እኔም አልገባም” አለችኝ። “ሳትጠመቅ ብትሞት ግን የምትጠየቀው አንተ ነህ።”

በሬዎቼን ነድቼ ወጣሁ። የሞተውን ገብስ ገልብጬ ሽምብራ ልዘራበት ነው። የነፍስ አባታችንም ማሳቸው ከኔ ጋር ይዋሰናልና ያንኑ ይሠሩ ነበር፤ የሳቸውም ገብስ በዚያው በረዶ ነው የረገፈ። ያቃጠለኝም ይኸው ነበር፤ በማግሥቱ ምንም እንዳልሆነ ሰው ገብተው ሲቀድሱ ድምፃቸው ውጭ ድረስ ይሰማኝ ነበር። ጠጋ ብዬ፣ አባ፣ እንዲህ ተደርገው እንዴት አፍዎ ይከፈታል አልኋቸው።

ጅራፋቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉ። “እኔም አኩርፌያለሁ” አሉኝ።

ጆሮዬ የሳተ መስሎኝ ቀረብ አልሁ።

“የምንቀድሰው ልዑካን አምስት ካልሞላን ቅዳሴ የለም። እኔ ከቀረሁ አራት ናቸው። በኔ ኩርፊያ የአገሩ ቅዳሴ ለምን ይታጎል? ስለዚህ እንዳኮረፍሁ እገባለሁ።” በሬዎቻቸውን አዞሩና፣ “ደግሞ ልጄ፣ ባዕድ አይኮረፍም። የሚኮረፈው የቤት ሰው ነው” አሉኝ።

ይህ መልስ አይደለም። ያን ጊዜም አልነበረም፤ አፌ እንዴት ቢልም ልቤ የጠየቀው ለምን ብሎ ነው። ዛሬ ልጄ በስልኩ የሚያሰማኝ ሰባኪ ለምኑን ሁሉ ያውቀዋል፤ ለረሀቡም ለጦርነቱም አንድ በአንድ ምክንያት አለው። ድምፁን ቀንስልኝ እለዋለሁ።

በማግሥቱ ልጅቱን እኔው ታቅፌ ቅጽሩን አለፍሁ። አንገቴን አልደፋሁም። ከውኃው ወጥታ፣ ሜሮን ተቀብታ ሲሰጡኝ፣ ከግንባሯ የሚወጣው ሽታ ልቤን ሊያባባው ሲል ፊቴን አዞርሁ። አይቶ እንዳይደሰት ብዬ ነው።

ጥር ላይ ሞተች። ጡት እንጂ ጥምቀት አልጎደለባትም። የነፍስ አባታችን ፍትሐቷን ሲያደርሱ ሁለት ጊዜ አቋረጡ፤ ሁለት ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠርገው ቀጠሉ። እኔ ወደ ሰማይ አላየሁም፤ ሳቸውን ነበር የማየው።

የዚያን እሑድ ከማንም ቀድሜ ገባሁ። ከወንዶቹ መሀል፣ ምሰሶ ተደግፌ እስከ ፍጻሜው ቆምሁ። አንዳች አልለመንሁም። እግዚኦ ሲባል አፌ አልተከፈተም። ስንወጣ ሚስቴ በሩ ላይ ጠበቀችኝ፤ ዓይኗ አብጧል።

“ታረቃችሁ?” አለችኝ።

“አልታረቅንም” አልኋት። “መጣሁ እንጂ።”

ነጠላዋን አጣፋችና መንገድ ጀመርን። ሌላ ጊዜ ከኋላዬ ነበር የምትሄደው። ያን ቀን እስከ ቤታችን ጎን ለጎን ሄድን።