ቆሎ የተጠቀለለባት ግመል

ይህ የገጠመኝ ባለፈው የማሾ ምርት ሰሞን ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ያልፈው ነበር። ከእኔ ሆድ ግን አልወጣም፤ በገዛ እጄ ያጠፋሁት ጥፋት ስላለብኝ ነው። እሱን ላስቀድም።

ልጄ ዘሃራ አራተኛ ክፍል ሳለች ለልጆች የሚያስቅ ግጥም ትጽፍ ነበር። ከትምህርት ቤት መልስ የጎረቤት ልጆችን ደጃፋችን ላይ ሰብስባ ስታነብላቸው መሬት ላይ እየተንከባለሉ ይስቃሉ። እኔ «ዝም በሉ፣ ራሴን አዞራችሁት» እላለሁ። ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አንድ ቀን ጥግ ድረስ የሞሉ ሦስት ደብተሮቿን ለባለሱቅ ለስኳር መጠቅለያ ሸጥኩለት። የሞላ ደብተር ለእኔ ያለቀ ደብተር ነበር። ስትሰማ ወደ ሱቁ ሮጠች፤ የተረፈ የለም። አላለቀሰችም። ከዚያ ወዲያ ግን ቤቴ ውስጥ ግጥም አልተነበበም።

አሁን ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። ዓርብ ዓርብ ትደውላለች። እኔ ካነሳሁ «ሰላም ነህ አባዬ? ለእማዬ ስጣት» ትለኛለች። በቃ።

ማንበብ የቻልኩት እሷ ከሄደች በኋላ ነው፤ በአርባ ስድስት ዓመቴ፣ በጎልማሶች ትምህርት።

ያን ቀን ሸዋ ሮቢት ማሾዬን ሸጬ ወደ ጀውሃ የሚሄድ መኪና ስጠብቅ ቆሎ ገዛሁ። ጨርሼ መጠቅለያውን ልጥል ስል የልጅ ጽሑፍ አየሁበት። ጣቴን እያስኬድኩ አነበብኩ፦

ግመሏ ባጃጅ ገባች ገበያ ልትወጣ፣
አንገቷ ጠዋት ደርሶ ጭራዋ ማታ መጣ።

ቀጥሎ «ሾፌሩም ጠየቃት» ይልና ወረቀቱ ተቀዷል።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ መልሼ አነበብኩት። የልጄ ይሆን? የእሷን የእጅ ጽሑፍ እኮ አላውቀውም። ስትጽፍ ስንት ዓመት አጠገቧ ተቀምጬ አንድ ፊደሏን አልለይም። የአሥር ዓመት ወረቀት እስከ ዛሬ እንደማይቆይ አውቃለሁ፤ ሆዴ ግን አልሰማኝም።

ቆሎ ሻጯን ሌላውን ግማሽ እንድትፈልግልኝ ለመንኳት። ክምሩን አብረን ገላለጥን። የቀረው ሁሉ ሒሳብ ነው።

«ጋሼ፣ እኔ የምሸጠው ቆሎ ነው። ግጥም ካማረዎት ትምህርት ቤት ይግቡ» አለችኝ።

«ገብቼ እኮ ነው እንዲህ የሆንኩት» አልኳት።

ዓርብ ስልኩ ሲጠራ ከሚስቴ ቀድሜ አነሳሁ። ሰላምታውን እንኳ ሳልጨርስ አነበብኩላት፤ እየተንተባተብኩ። የተቋረጠ መስሎኝ ስሟን ጠራሁ።

«ማን አነበበልህ?» አለችኝ።

«ራሴ።»

ቆይታ «የኔ አይደለም አባዬ» አለች። «እስቲ ድገመው።»

ደገምኩላት። ጭራዋ ጋ ስደርስ ሳቀች። እኔ «ዝም በሉ» እያልኩ የኖርኩት ሳቅ ነው። ከራስሽ ደግሞ አንድ በይኝ አልኳት። «ረስቻቸዋለሁ» አለች። አሠሪዋ ጠራቻትና ስልኩ ተዘጋ።

ሰዎች «ማንበብ አትችል፣ ምን ታደርግ» እያሉ ያጽናኑኛል። ውሸታቸውን ነው። ማንበብ ባልችል «ምን ብለሽ ጻፍሽ?» ማለት ያቅተኝ ነበር? አንድ ቀን አልጠየቅኋትም።

አሁን ዓርብ በመጣ ቁጥር እጠይቃታለሁ። ረስቻለሁ ትለኛለች። አላምናትም። ሦስት ደብተር የሞላ ሰው አንድ ስንኝ አይጠፋውም። ለእኔ መስጠት አልፈለገችም፤ መብቷ ነው። እኔም አልተውኳትም። አንድ ስንኝ፣ የሚያስቅ፣ በእሷ ድምፅ። ሌላ ምንም አያምረኝም።