ኬሌሜኔ የያዘው ባለጦር ዓሣ

ኬሌሜኔ ክፉ ሰው አልነበረም። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረበት፤ አፉ ከመንጠቆው ይቀድማል። ልጁ መሌካ ከኒውዚላንድ ባሏን ይዛ እንደምትመጣ በስልክ የነገረችው ዕለት፣ «በገዛ እጄ የያዝኩትን ባለጦር ዓሣ አበላችኋለሁ!» ብሎ ቃል ገባ።

ሚስቱ ሎሳ ከጓዳ ሆና ሰማችው። «የትኛውን? ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲያመልጥህ የኖረውን ነው ወይስ ሌላ አለ?» አለችው።

እግዜር አንዳንዴ ጉረኛም ይወዳል። እነመሌካን የያዘችው መርከብ ትደርሳለች በተባለበት ጠዋት ኬሌሜኔ ብቻውን በጀልባው ወጥቶ፣ አፍንጫው እንደ ጦር የሾለ፣ ቁመቱ ከራሱ ከኬሌሜኔ የሚበልጥ ዓሣ ያዘ። ከጀልባው ጎን አስሮ እየዘፈነ ተመለሰ።

ደሴቷ ስትታየው ግን ዘፈኑ ቆመ። በኑኩኖኑ ደሴት ትንሽ ዓሣ የያዘው ሰው ንብረት ነው። ኤሊና ባለጦር ዓሣ ግን ማንም ይያዘው ማን የመንደሩ ነው። ባሕር ዳር ተጋድሞ ይቆረጣል፣ ከዚያ ለየቤቱ በነፍስ ወከፍ ይታደላል፤ ለሕፃኑም ለሽማግሌውም እኩል። ኬሌሜኔ ይህንን ከእናቱ ጡት ጋር ጠብቶታል። ቢሆንም ለልጁ ቁራጭ ሳይሆን ዓሣውን ከነአፍንጫው ሊያሳያት፣ ከእጁ ሊያጎርሳት አማረው። «ለዛሬ ብቻ» አለና ዞሮ በቤቱ ጀርባ በኩል ገባ።

ከዚያ ለሚስቱ ወንድም ለሉኢ ደወለ። «አማቼ፣ ማንም ሳያይህ ብቻህን ና።»

ሉኢ መጣና ዓሣውን አየው፤ ቀጥሎ ኬሌሜኔን አየው። «ይህን ለሁለት? አንተ ሰው፣ ወገቤን ጠልተኸዋል እንዴ?» ብሎ ተመለሰ። ሲመጣ ስድስት ጎረምሳ አስከትሎ ነበር፤ ከጎረምሶቹ ኋላ ደግሞ ግማሹ መንደር። ግመል ሰርቆ አጎንብሶ ይሏል ይህ ነው።

«የት ልትደብቀው ነበር? አልጋ ሥር?» አለች ሎሳ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ።

«ኧረ ልደብቀው አይደለም፤ ትንሽ ላሳርፈው ብዬ እንጂ።»

የሞተውን ዓሣ! መንደሩ በሳቅ ፈረሰ። ዓሣውንም ተሸክመው ወደሚታደልበት ባሕር ዳር ወሰዱት።

እዚያ ሌላ ጣጣ መጣ። መርከቧ ደርሳለች፤ ማዕበሉ ግን ሰው አላስወርድ ብሎ ደሴቷን ከከበበው የኮራል ድንጋይ ውጭ ቆማ ትናወጣለች። እንግዳ መሬት ከረገጠ ድርሻ አለው። መርከብ ላይ ያለችው መሌካስ? ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ይከራከሩ ጀመር።

«መሬት ያልረገጠ አይቆጠርም» አለ የጉባኤው ሰብሳቢ አባባ ቲዮኒ።

«መርከቧ የመንግሥታችን አይደለችም? እዚያ ያለ ሰው እኛው ዘንድ ነው» አለ ፎፎ የሚባለው ሽማግሌ።

«መንግሥታችን በየዓመቱ ከደሴት ደሴት ሲዞር ነው የሚኖረው። ዘንድሮ ያለው አታፉ ነው!» አለ ቲዮኒ።

«እንግዲያው ድርሻዋን አታፉ ይላክላት!»

ሁሉም ሲስቅ ኬሌሜኔ አልሳቀም። ዓሣ ፀሐይ ላይ አይቆይም፤ አንዴ ከተቆረጠ ደግሞ የሚተርፍ የለም። ብድግ አለ። «አባቶቼ፣ ልደብቀው ነበር፤ እውነት ነው። የኔን ድርሻ ውሰዱት። የሷን ግን አትከልክሏት።»

«ያንተን ማን ጠየቀህ? አርፈህ ተቀመጥ» አለው ቲዮኒ። ከዚያ ባሕሩን ትክ ብሎ አየና፣ «ቢላዋው ይቆይ። እናንተ ጎረምሶች፣ ጀልባዋን አውጡ። ዓሣ መብላት የፈለገ ልጅቱን ያምጣ» አለ።

የራበው ሰው ማዕበል አይፈራም። ጎረምሶቹ የሁለት ማዕበል ክፍተት ጠብቀው በኮራሉ መተላለፊያ ሾልከው ወጡ። ሎሳ ዓይኗን ጨፍና መቁጠሪያዋን ያዘች። ዓይኗን ስትገልጥ መሌካ ከባሏ ጋር በስብሳ አሸዋው ላይ ቆማለች፤ መርከቧ ስትንጣት ሰንብታ ፊቷ ቅጠል መስሏል።

ኬሌሜኔ እቅፍ አድርጎ ስሟት፣ እጇን ይዞ ወደ ዓሣው ወሰዳት። «የኔ እናት፣ አየሽው? አባትሽ ነው የያዘው!»

መሌካ አየችው። ሽታውም ደረሳት። አፏን ይዛ ወደ ኮኮናቱ ዛፍ ኋላ ሮጠች። «አባዬ ይቅርታ፣ ከፊቴ አንሱልኝ!»

ዕደላው ተጀመረና የሎሳ ቤት ሁለት ነፍስ ተጨምሮበት ተጠራ። ሎሳ የቤቱን ድርሻ በኮኮናት ወተት ሠራችው። የመሌካ ባል ድርሻውን ጠርጎ በላ። መሌካ ግን ተኝታለች። ኬሌሜኔ ሳህኗን በቅጠል ከድኖ አጠገቧ ተቀምጦ ዝንብ ያባርራል።

«አማቼ፣ ካልበላችው እንግዲህ...» አለ ሉኢ ጠጋ ብሎ።

«እጅህን ሰብስብ!»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነቃች። ከሳህኑ ላይ ቅጠሉን አንስታ፣ የቀዘቀዘውን ዓሣ በእጇ ቆርሳ ጎረሰች። አባቷ አንገቱን አሰገገ።

«እህስ?»

«ጨው ያንሰዋል።»

«ያን ሁሉ የባሕር ውኃ ጠጥታ መጥታ ምን ጨው ይሰማታል!» አለች ሎሳ።

መሌካ እየሳቀች ቆርሳ ቆርሳ ጨረሰችውና ጣቷን ላሰች። «አባዬ፣ ሌላ የለም?»

ኬሌሜኔ ከኋላው፣ እስካሁን ያልነካውን የራሱን ሳህን አወጣና ወደ እሷ ገፋ አደረገው።