የወጌሻዋን እጅ ለምን ነከስኩ?

ዛሬ ጠዋት የአንዲት ባልቴት እጅ ነክሼ አደማሁ። የማታ ትምህርት ገብቼ ፊደል የቆጠርኩት ለካ እንዲህ ያለውን ጀብዱ በገዛ እጄ እንድጽፍ ነው!

የስድስት ወር እርጉዝ ነኝ። ሰሞኑን ከተቀመጥኩበት ስነሳ ግራና ቀኝ ጎኔን ይስበኛል፣ ሆዴም ይወጠራል። አማቴ «ልጁ ቦታውን ስቷል» ብለው ወጌሻዋን እትዬ ብርቄን አስመጡ።

እትዬ ብርቄ መደብ ላይ አስተኝተው፣ ቅቤ ቀብተው በጡጫቸው ሆዴን እንደ ሊጥ ያቦኩት ጀመር። «ይተዉኝ!» ብል አማቴ ትከሻዬን ተጭነው «ቻይው!» አሉ።

ነከስኳቸው። እኔ አንቱ እላቸዋለሁ፣ ጥርሴ ግን አንቱታ አያውቅም። አማቴንም በክርኔ ገፍትሬ ከመደቡ ላይ ጣልኳቸው።

ከዚያ ግን ልጁ አልንቀሳቀስ አለ። ከአማቴ ጋር ሞላሌ ጤና ጣቢያ እስክንደርስ ጉራዬ ሁሉ ጠፋ።

ነርሷ የልቡን ምት አሰማችኝ፤ የፈረስ ግልቢያ ነው! «የሚስብሽ ማህፀንሽ ሲያድግ ጅማቱ ስለሚወጠር ነው። ደም ካየሽ ወይም ብርቱ ቁርጠት ከያዘሽ ቶሎ ነይ። መታሸት ግን እንዳይለምድሽ!» አለችኝ።

ይሄኔ አማቴ አንገታቸውን ደፍተው «እኔንም በመጀመሪያ እርግዝናዬ አሽተውኝ ነበር። ልጄ ሞቶ ተወለደ» አሉ።

እናንተስ? የደረሰባችሁ ካለ ጻፉልኝ፤ አማቴ አጠገቤ ተቀምጠው ይጠብቃሉ።